በወረርሽኝ ዘመን ማኅሌትንና ጉሊትን ስለ መጠበቅ

በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ደብሩ አመሠራረትና ስለ ሕንፃው፥ ዐርፈው ስለ ተለዩን አገልጋዮችም ሌሎች ወንድሞች ይናገራሉ። ለእኔ የተመደበልኝ ነገር ተላላፊ በሽታ በሀገር ላይ በወደቀ ጊዜ የማኅሌታችንን ደስታና የጎረቤቶቻችንን ገበያ በጥንቃቄ ስለ መጠበቅ ነው። ይህን የሰማ ሰው «በበዓል ቀን ስለ በሽታ ማውራት ምን ይባላል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የኢዮቤልዩን ሥርዓት ከምንጩ የመረመረ አይደነቅም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው፥ 50ኛው ዓመት የመለከት ድምፅ የሚሰማበት፥ ባሪያ አርነት የሚወጣበት፥ ርስቱን የሸጠ ድኻ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዘመን ነው። በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሰው ከባልንጀራው ሲገዛ ወይም ለባልንጀራው ሲሸጥ እንዳያታልለውና እንዳይበድለው ታዝዟል። እንግዲህ መለከቱና ገበያው በአንድ ምዕራፍ ተጽፈዋል። እኛም ማኅሌቱን ከገበያው ለይተን ብናከብር የበዓሉን ግማሽ ብቻ ያከበርን እንሆናለን።

አስቀድመን የሆነውን ነገር እናስታውስ። የኮሮና በሽታ በሀገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን፥ መጋቢት 7፥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ታላላቅ ስብሰባዎችም ተከለከሉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና እጅ ለእጅ መጨባበጥም ክልክል ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓል ጥቂት ካህናት በመቅደስ ሲያገለግሉ፥ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከታተሉት። የ2013 ዓ.ም. ደመራም ቁጥሩ በተወሰነ ሰው ብቻ ተከበረ። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን የገለጸው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በሀገራችን ተመርምሮ የተመዘገበው የሟች ቁጥር ከ7 ሺህ ይበልጣል፤ በዓለም ሁሉ የተመዘገበውም ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። ሳይመዘገብ የሞተውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ይህ ለሀገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ፥ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ አልቋል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ በበሽታው ተይዘው በጭንቅ ነው የዳኑት። አባቶቻችን ያን መከራ በጽሑፍ ብቻ አላኖሩትም፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ የሚቃጠልበትን፥ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውን ልማድ ለመታሰቢያው አቆዩልን። ልጅ ስለ በሽታው ታሪክ ባያውቅ እንኳ መጥረጊያ ይዞ ደጁን ሲጠርግ የአያቶቹን ምክር ይፈጽማል። እኛስ ከ2012 ዓ.ም. መከራ ለልጆቻችን ምን ልማድ እናቆይላቸው ይሆን? የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የዚህን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በንግሥ ቀን ከደጀ ሰላሙ እስከ መንገዱ ያለውን ነገር አስተውሉ። በውስጥ መሪጌታው ይመራል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጽናጽል ይዘው ያሸበሽባሉ፤ ከበሮው ይመታል፤ ባለቅኔው ቅኔውን ይቀኛል። በውጭ ደግሞ ጧፍና ዕጣን የምትሸጥ እናት፥ ቆሎና ንፍሮ በሰፌድ ያቀረበች ባልቴት፥ ሥዕል የሚሸጥ ወጣት፥ ነጠላ በትከሻው የተሸከመ ነጋዴ፥ ሸቀጡን በደረቱ ያንጠለጠለ ሱቅ በደረቴ አለ። የውስጡ ሰው የለበሰውን ሸማ የውጩ ሰው ሸምኖታል፤ የውጩም ሰው እንጀራውን የሚያገኘው የውስጡ ማኅሌት ሕዝቡን ስለሚጠራለት ነው። በሽታ መጥቶ ማኅሌቱ ዝም ባለ ቀን ጉሊቱም ይዘጋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሸማው ሳይሸጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ጀበናዋና ድስቷ ገዢ ያጣል፤ ቴአትር ቤት ሲዘጋ ተዋናዩ፥ ምሽት ሲከለከል አዝማሪው የዕለት እንጀራውን ያጣል። ቁራሽ ለምኖ የሚማረው የቆሎ ተማሪም ሰው በሽታ ፈርቶ በሩን በዘጋ ጊዜ አኩፋዳው ባዶ ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ በወረርሽኝ ዘመን ሁለት ሞት ይመጣል። አንደኛው በበሽታው የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው በመዘጋት የሚመጣ ነው። አንደኛውን ብቻ የሚያይ ሰው «ሁሉ ይዘጋ» ይላል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያይ ደግሞ «ሁሉ እንደ ወትሮው ይሁን» ይላል። የአስተዋይ ሰው ፈንታ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ መፈለግ ነው። መንግሥትም በዚያን ጊዜ ሕዝቡን ሁሉ በቤቱ ያልዘጋበት አንዱ ምክንያት፥ እጅግ ብዙው ሰው ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ መሆኑ ነበር።

ወደ መንገዱ ሳልሄድ በፊት አንድ ተቃውሞ ልመልስ። «በእግዚአብሔር ቤት መጠንቀቅ እምነት ማጣት ነው፤ ቤተ መቅደስ የገባ አይታመምም» የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የእነዚህን ሰዎች ቅንዓት አልነቅፍም፤ ነገር ግን መጽሐፉን እንመርምር። በዘሌዋውያን 13ኛው ምዕራፍ የለምጽ ምልክት የታየበትን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ እንዲያቆይ የታዘዘው ባለሥልጣን ወይም ሐኪም አይደለም፤ ካህኑ ነው። ነገሩ በሰባት ቀን ካልታወቀ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል፤ ይህም 14 ቀን ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ከውጭ ሀገር የመጣ መንገደኛ ተለይቶ እንዲቆይ የታዘዘው ስንት ቀን ነበር? 14 ቀን ነበር። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ የታመመው ሰው አፉን እንዲሸፍን ታዝዟል። በኦሪት ዘጸአት 30ኛው ምዕራፍ አሮንና ልጆቹ እንዳይሞቱ ወደ ድንኳኑ ሳይገቡ በፊት እጃቸውንና እግራቸውን እንዲታጠቡ ተደንግጓል። ነቢዩ ኢሳይያስም ሕዝቡ ቁጣው እስኪያልፍ ጥቂት ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ ደጁን እንዲዘጋ ይመክራል። ጌታችንም ራሱን ከመቅደስ ጫፍ እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል። እንግዲህ መለየት፥ አፍን መሸፈን፥ እጅን መታጠብ፥ ደጅን መዝጋት ከባዕድ የተማርነው ነገር አይደለም። መጠንቀቅ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ ሕጉን የሰጠው ራሱ እግዚአብሔር ባላዘዘው ነበር።

አሁን ወደ ማኅሌቱ እንምጣ። በሽታው በዋናው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ዜማ ደግሞ ትንፋሽ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚያዜም ሰው በዝግታ ከሚናገር ሰው ይልቅ ብዙ ትንፋሽና ረቂቅ ርጥበት ወደ አየር ይለቃል። ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በስካጂት አውራጃ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሆኗል። 61 ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መዝሙር ተለማመዱ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሕመም ስሜት ነበረው። እጃቸውን ያጸዱ፥ ከመጨባበጥም የተቆጠቡ እንደ ነበሩ ተነግሯል። ሆኖም ከእነርሱ ያ ሰው ጭምር 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱም ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ክፉ ሥራ ሲሠሩ አልተገኙም፤ እንደ እኛ ይዘምሩ ነበር። ጉዳቱን ያባባሰው በቤት ውስጥ ተቀራርቦ ረጅም ጊዜ መዘመሩ ነው።

ከዚህ የምንማረው ማኅሌትን መተው አይደለም፤ ስፍራውንና አቋሙን ማስተካከል ነው። አባቶቻችን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አስቀድመው አኑረውልናል። የዜማና የቅኔ ተማሪ ከዛፍ ሥር፥ ከጎጆው ደጅ፥ በነፋስ መካከል ይማራል። ዐውደ ምሕረታችን ሰፊ ነው፤ ጽዱና ወይራው ጥላ ይሰጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ጥናቱና የወረቡ ልምምድ በዚያ ይሁን። ማኅሌቱ በቅኔ ማኅሌት ውስጥ ሲቆም መስኮቱና በሩ ሁሉ ይከፈት፤ የሌሊቱ ብርድ ቢያስቸግር ጋቢ እንደርብ እንጂ በር አንዝጋ። ዜማችን በቀኝና በግራ በየተራ የሚመራ ስለ ሆነ፥ በየወገኑ የሚቆመውን ሰው ቁጥር ቀንሶ በመካከሉ ርቀት መተው ሥርዓቱን አያፈርስም። መቋሚያና ጽናጽል ለየሰው የራሱ ይሁን፤ ከበሮውን የሚመታ ሰው ከመምታቱ በፊትና በኋላ እጁን ይታጠብ። ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት መሪጌታም ቢሆን፥ ዲያቆንም ቢሆን፥ በቤቱ ይቅር፤ ቀረ ተብሎም አይታማ። ይልቁንም ዕድሜያቸው የገፋ ሊቃውንት በልዩ ይጠበቁ። አንድ የድጓ መምህር በሞተ ጊዜ ሰው ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ከእርሱ ጋር ገና ለተማሪ ያልተላለፈ ዜማ አብሮ ይቀበራል። ቤተ ክርስቲያን ሌላውን ዕቃ በገንዘብ ትተካለች፤ ይህን ግን በምን ትተካዋለች?

ነጠላችንን ወደ አፋችን ከፍ ማድረግ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን የነጠላ ድር ስስ ስለ ሆነ በአንድ እጥፍ ብቻ በቂ መከላከያ አይሆንም። ከሥሩ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይገባል። ክትባትም በሀገራችን ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰጥቷል፤ ክትባት የሚገኝለት በሽታ ሲመጣ ካህናት አስቀድመው በመከተብ ለሕዝቡ ምሳሌ ይሁኑ።

ስለ ቅኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር ከጓደኞቹ ይለያል፤ ብቻውን ከቁጥቋጦ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ መምህሩ መጥቶ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ሆነች ስምንት ቤት ያለው መወድስ፥ በጉባኤ የሚሰማው በብቸኝነት የተወለደው ነው። እንግዲህ መለየት ለቅኔ ባዕድ አይደለም። የመለየት ወራት ቢመጣብን የመቁጠሪያ ወራት እናድርገው፤ ጉባኤው ሲከፈት ባዶ እጃችንን አንምጣ። በሰምና ወርቅ አነጋገር ብናየው፥ ርቀቱ ሰም ነው፤ ወንድምን መጠበቅ ግን ወርቁ ነው። ሰሙን ብቻ የሚያይ «ተራራቅን» ብሎ ያዝናል፤ ወርቁን ያገኘ ግን በርቀቱ ውስጥ ፍቅርን ያያል።

ስለ ማኅሌቱ የተናገርሁት ለሌላውም ጥበብ ይሆናል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በሜዳ ይዘመር። የሥዕል ትርኢት ሲዘጋጅ ሕዝቡ በየተራ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይግባ፤ መስኮቱም ይከፈት። ቴአትርና የዘፈን ጨዋታ የሚወድ ሰውም በጠባብና ጢስ በሞላበት ቤት ከመታጨቅ ይልቅ በአደባባይ የሚታየውን ይምረጥ። ደስታ በመከራ ጊዜ ትርፍ ነገር የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ ልቡ የደከመ ሕዝብ በሽታን አይችልም።

አሁን ወደ ጉሊቱ እንውጣ። በ2012 ዓ.ም. በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በሰው ብዛት ስለ ተጨናነቀ፥ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። የጥምቀት ታቦታት የሚያርፉበት፥ ሊቃውንት የሚያሸበሽቡበት ሜዳ፥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጥበት ሆነ። አንዳንድ ሰው በዚህ አዘነ። ነገር ግን ሜዳው ሰፊና ነፋሻ በመሆኑ ሻጭ ከሻጭ፥ ገዢ ከገዢ እንዲራቅ አስችሏል። ክረምቱ በገባ ጊዜ ደግሞ ጭቃው ነጋዴዎቹን እጅግ አስቸገራቸው፤ ይህም ገበያን ወደ ሜዳ ማውጣት ብቻ እንዳልበቃ፥ መጠለያና የውኃ መውረጃም እንደሚያስፈልግ አስተማረ። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ፤ ወጣቶችም ሜዳውን ጠርገው አጸዱት፤ ታቦታቱም ገቡበት። አንድ ሜዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ድኻንም አበላ፥ ታቦትንም ተቀበለ። ይህ ነውር አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን የታየ ሌላ ነገር አለ፤ ይህኛው ግን ያሳፍራል። በሽታው ገባ በተባለ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ መድኃኒት ነው ተብሎ ስለ ተወራ ዋጋቸው በድንገት ናረ። ገንዘብ ያለው በኩንታል ገዝቶ ቤቱን ሞላ፤ የሌለው ለወጥ የሚሆን እንኳ አጣ። የሻጩ ስስትና የገዢው ስስት በአንድ ቀን ተገናኙ። በኢዮቤልዩ ሕግ የተከለከለው በደል ይህ ነው።

እንግዲህ በወረርሽኝ ጊዜ ከትንሹ ነጋዴ በጥንቃቄ መግዛት እንደ ምን ይሆናል? አንደኛ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፥ ማልዶ ወይም ከሰዓት በኋላ፥ ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ ይውጣ። ሁለተኛ፤ በአቅራቢያችን ካለው ጉሊት እንግዛ፤ ሩቅ ሄዶ በብዙ ሕዝብ መካከል ከመጋፋት በሰፈር በነፋስ ላይ ከተቀመጠች እናት መግዛት ለእኛም ለእርስዋም ይሻላል። ሦስተኛ፤ የምንፈልገውን አስቀድመን አውቀን እንሂድ፤ ዕቃውን ሁሉ እያገላበጥን በክርክር አንቆይ። በመከራ ቀን ከባልቴት ላይ ሁለት ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት መቆም ለገንዘብም ለጤናም ኪሳራ ነው። አራተኛ፤ ገዝተን ስንመለስ እጃችንን በውኃና በሳሙና እንታጠብ። አምስተኛ፤ ለሳምንት የሚበቃንን እንግዛ፤ የጎረቤታችንን ድርሻ ግን አንውሰድ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይኸውም የዱቤ ነገር ነው። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ደመወዝ እስኪደርስ ዘይቱን፥ ስኳሩን፥ ሳሙናውን በዱቤ ይሰጠናል፤ በመዝገቡ ላይ የብዙዎቻችን ስም አለ። በደኅናው ዘመን እርሱ እኛን ታግሦ አኖረን። በክፉው ዘመን ግን ገበያው ሲቀዘቅዝበት ዕቃ የሚያመጣበት ገንዘብ ከእኛ እጅ ነው ያለው። ስለዚህ ወረርሽኝ ሲመጣ የሚችል ሰው የመጀመሪያ ምጽዋቱ ዱቤውን ቶሎ መክፈል ይሁን። ይህ ለባለ ሱቁ ችሮታ አይደለም፤ የገዛ ገንዘቡ ነው። እንዲሁም ለበዓል ጋቢ ወይም ነጠላ ማሠራት የሚያስብ ሰው ለሸማኔው ግማሹን ዋጋ አስቀድሞ ይስጠው፤ ሸማው ከሦስት ወር በኋላ ቢደርስ ምን ይጎዳል? ሸማኔው ግን በዚያ ገንዘብ ልጆቹን አብልቶ ያን ወራት ያልፋል። ሥዕል የሚሣል፥ መስቀል የሚቀርጽ፥ ብራና የሚፍቅ ባለ እጅ ሁሉ እንዲሁ ነው። ጥበብን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ጥበበኛውን የሚያበላ ግን ጥቂት ነው።

የደብራችን ሰበካ ጉባኤም በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሦስት ነገር ወስኖ ቢያቆይልን እለምናለሁ። አንደኛው፤ በዐውደ ምሕረቱ ዳር ውኃ የሚወርድበት የእጅ መታጠቢያ ተሠርቶ በደኅናውም ዘመን አገልግሎት ይስጥ፤ በመከራ ቀን የሚቆፈር ጉድጓድ የዛሬን ጥም አያረካም። ሁለተኛው፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ለጧፍ ሻጮችና ለጉሊት እናቶች ቦታው ተለክቶ፥ በመካከሉ ርቀት ተትቶ፥ ዝናብ የሚከለክል ዳስ ይሠራላቸው፤ ወረርሽኝ ቢመጣ ከቦታቸው የሚያባርራቸው እንዳይኖር። ሦስተኛው፤ ከእድሮቻችን ጋር ተመካክሮ ለአረጋውያን ሊቃውንትና ለአብነት ተማሪዎች የክፉ ቀን እህል ይቀመጥ፤ በር በተዘጋ ጊዜ አኩፋዳው ባዶ እንዳይመለስ።

እነዚህ ሦስቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አስቀድሞ ማሰብን ግን ይጠይቃሉ። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ባያስብባቸው ኖሮ ሰባቱ የራብ ዓመታት ባላለፉም ነበር። ለእኛም ይህ ወረርሽኝ ያልወደቀበት ጊዜ የጥጋብ ዓመት ነው። ማኅሌቱ ሲቆም ቆመናል፤ ጉሊቱ ተዘርግቷል፤ መሪጌቶቻችን በሕይወት አሉ። ከ50 ዓመት በኋላ በዚህ ደብር የሚሰበሰቡ ልጆቻችን «አባቶቻችን በዓል አከበሩ» ብቻ እንዳይሉ፥ «አባቶቻችን ዜማውንም ጎረቤቱንም ጠብቀው አቆዩልን» እንዲሉ እንሥራ።

የአባቶቻችንን አምላክ ሀገራችንን ከቸነፈርና ከራብ እንዲጠብቅልን፥ ለታመሙት ፈውስን፥ በዚያ ዘመን ለተለዩን ዕረፍተ ነፍስን፥ ለሁላችንም አስተዋይ ልብን እንዲሰጠን እንለምን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።